ለኳድራቲክ የተላኩ ሽማግሌዎች

በሰው አገር ሲኖሩ ብዙ ነገር ይዋጣል። እኔም ብዙ ውጫለሁ። እሑድ ምንጣፍ አታራግፊ ሲሉኝ ውጫለሁ። ጠርሙስ በቀን እንጂ በምሽት አትጣይ፣ ሲሰበር ድምፁ ሰው ይረብሻል ሲሉኝ ውጫለሁ። እራት የጋበዘኝ ሰው አንድ ድንች ሰጥቶኝ፣ «ይደገም?» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆኝ፣ እኔም በአገሬ ደንብ «ኧረ በቃኝ» ስል ሳህኑን አንሥቶ ሲሄድ፣ ያንን ሁለተኛ ድንች በዓይኔ እየሸኘሁ ውጫለሁ። ልጄን ኮራጅ ያሏት ቀን ግን ነገሩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አልወርድ አለ። ይኸው ዘመን አልፎበትም አልወረደም። ብቻዬን ከምታነቅ ብዬ ነው ለእናንተ የማወጋችሁ።

አጀማመሩ ግን በእልልታ ነበር።

ያኔ ከልጄ ከትርሲት ጋር የምንኖረው ሽሊረን ነው። ከዙሪክ ወጣ ብሎ፣ መጋዘንና ፋብሪካ የበዛበት፣ ኪራዩ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው የሚቀመስ ሰፈር። እኔ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ፤ እሷ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች። አባቷ አዲስ አበባ ከርቸሌ ነው፤ ደርግ ወስዶት ነው እንጂ የሰው ነገር ነክቶ አይደለም። በስንት ሰው እጅ ዞራ የምትደርሰን ቁራጭ ወረቀቱ ሦስት መስመር ናት። ሁለቱ መስመር «ልጄ ትማር» ይላል፤ ሦስተኛው «ሒሳብ እናቷን እንዳትጠይቅ» ይላል። ሰው ታስሮ እንኳ አመሉን አይተውም።

እርግጥ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም። የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ፤ ከመጽሐፍ፣ ከጋዜጣ፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ወረቀት ሳይቀር። ጀርመንኛውንም የለመድኩት ከሳሙና ካርቶን ላይ ነው። ስለዚህ ዳቦ ለመግዛት ብንተባተብም ስለ እድፍ ስናገር የሚደርስብኝ የለም።

ታዲያ አንድ ቀን ትርሲት ለምሳ መጣች፣ ቦርሳዋን ወረወረች፣ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ከቦርሳው አፍ ላይ የሒሳብ ፈተናዋ ብቅ ብሎ አየሁት። ሳብ አደረግሁት። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ አንድ ቁጥር ተጽፎበታል።

እንግዲህ እዚህ ላይ አትሳቁብኝ። እኔ ባደግኩበት አገር ተማሪ የሚታወቀው በደረጃው ነው፤ አንድ ማለት አንደኛ ነው፣ ሽልማቱ ደብተርና ጭብጨባ ነው። ትርሲት ከዚያ በፊት አምስትና አምስት ተኩል ይዛ ስትመጣ፣ «አይዞሽ፣ በሰው ቋንቋ አምስተኛ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም» እያልኩ አጽናናት ነበር። ተኩሏን ደግሞ ከሌላ ልጅ ጋር እኩል ወጥታ ተካፍለዋት ነው ብዬ ራሴ ተርጉሜያታለሁ። ልጅቱ ለካ እናቴ ትቀልዳለች ብላ ነው ዝም የምትለኝ።

እናም አንድን ባየሁ ጊዜ እልል አልኩ። እልልታ ደግሞ በግማሽ አይባልም። ደረጃው ላይ ወጥቼ አቀለጥኩት። በዚህ አገር ከምሳ በኋላ ሕንፃው ሁሉ እንደ መቃብር ጭር የሚልበት ሰዓት አለ፤ የኔ እልልታ የወደቀው እዚያች ሰዓት መሐል ላይ ነው። የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ብቅ ብላ እሳት ተነሥቷል ወይ አለችኝ። ልጄ አንደኛ ወጣች ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። ከዚያ ክንዴን እንደ ለቅሶ ቤት ዳበስ ዳበስ አደረገችልኝና በሯን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

ለካ በስዊዝ ትልቁ ስድስት ነው። አንድ ማለት «ስምሽን በትክክል ጽፈሻል» ማለት ነው።

ትርሲትን ከክፍሏ አወጣኋትና ተናገሪ አልኳት። ዓይኗ ቀልቷል። ኮርጀሻል ተብዬ ነው አለች። በክፍል ልጆች ሁሉ ፊት ነው የተነገራት። እንደገና አስደገምኳት፤ ጆሮዬ አልቀበል ብሎኝ።

የጥያቄው ዓይነት ኳድራቲክ ይባላል። x² − 7x + 12 = 0 ይላል። እንዳትፈሩ፤ እኔም መጀመሪያ ፈርቼው ነበር፣ ሲቀርቡት እንደ ብዙ ኩሩ ሰው ባዶ ነው። ሲባዙ አሥራ ሁለት፣ ሲደመሩ ሰባት የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች አምጪ ነው የሚለው። ሦስትና አራት። አለቀ። ከዚያ (x − 3)(x − 4) = 0 ተብሎ ይጻፋል። ሁለት ነገር ተባዝቶ ዜሮ ከመጣ ያለ ጥርጥር አንዱ ዜሮ ነውና x ወይ ሦስት ነው ወይ አራት። ይህን ፋክተራይዝ ማድረግ ይሉታል። እኔ እንደገባኝ ለጋብቻ ዘር እንደ መቁጠር ነው፤ በአንድ ወገን መግጠም አይበቃም። ሁለትና ስድስትን ብታመጡ ሲባዙ ያምርባቸዋል፣ ሲደመሩ ግን ስምንት ሆነው ሠርጉን ያፈርሳሉ።

ይህን ጥበብ ለትርሲት ያስተማሯት ጋሽ ይልማ ናቸው። ጋሽ ይልማ በአገራችን ስንት መሐንዲስና ሐኪም ያወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ አሁን ጄኔቭ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ሆነው ወረቀት ያከፋፍላሉ። ለ ሊኞን በሚባለው፣ ዞሮ ዞሮ መጨረሻው በማይታይ ሕንፃ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ በፋሲካ ዕረፍት እሳቸው ጋ ሰንብተን ሳለ ልጅቱን መስኮት ሥር አስቀምጠው «እጅሽን አታንቀሳቅሺ፣ በራስሽ አስቢ» እያሉ ቀን ሙሉ ሲያባዙና ሲደምሩ ከረሙ። ስንመለስ ባቡር ውስጥ የወንበሩን ቁጥር ሁሉ ፋክተራይዝ ታደርግ ነበር።

ፈተናው ላይም እንደዚያው አደረገች። ጥቂት የጫረችውን በሌላ ወረቀት ጫረች፣ መልሱን ግን በንጹሕ ወረቀት፣ በሚያምር ጽሕፈት ገልብጣ ሰጠች፤ ጭረቱን ቅርጫት ጣለችው። እንዲህ ነው ያሳደግኳት። ለመምህር የሚሰጥ ወረቀት የክት ልብስ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ይገባል እንጂ ጓዳ ተከፍቶ ሽንኩርቱ የተላጠበት ይታያል እንዴ?

እዚህ አገር ግን ለካ ጓዳውን ነው የሚፈልጉት። አስተማሪው እያንዳንዱን ጥንድ ደርድሩ ብሎ ነበር፤ አንድና አሥራ ሁለት፣ ሁለትና ስድስት፣ ሦስትና አራት፣ ከጎናቸው ድምራቸውን፣ የማይሆኑትን እየሰረዛችሁ ብሎ። እውነትም ሳስበው ይህ ሕዝብ ተራራ ጫፍ ላይ እንኳ በቢጫ ሰሌዳ «ወዲህ፣ ይህን ያህል ያስኬዳል» ብሎ ካልጻፈ አይረጋጋም። የትርሲት ወረቀት ላይ ድርድሩ የለም፤ መልሱ ብቻ ጉብ ብሏል። አጠገቧ ደግሞ የክፍሉ ጎበዝ የምትባለው ሱዚ ነች የተቀመጠችው። የሱዚም መልስ ሦስትና አራት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? የሱዚ መልስ ስለሆነ አሥራ ሁለት ሌላ ልጅ ይወልዳል? አስተማሪው ግን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ደመረና አባዛና «ኮርጃለች» የሚል መልስ አገኘ።

ነገሩ አንድ ፈተና ብቻ ቢሆን ኖሮ በነጋታው እረሳው ነበር። ግን ትርሲት ጊምናዚዩም ለመግባት ተመዝግባለች፤ ጊምናዚዩም ማለት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግረው ትምህርት ቤት ነው። የዓመቱ ነጥብ ይቆጠራል፣ የአስተማሪው ምስክርነትም ይጠየቃል። በዚያች አንድ ቁጥርና «ኮራጅ» በምትል ቃል በሩ ሊዘጋባት ነው። አባቷን ከርቸሌ የከተተው መንግሥት ያላደረገውን አንድ ቀይ እስክሪብቶ ሊያደርገው ነው።

ትርሲት ቴርሚን ጠይቂ አለችኝ፤ ቀጠሮ ማለቷ ነው። ስልክ ደውለሽ፣ ጊዜ ተሰጥቶሽ፣ ብቻሽን ሄደሽ ታናግሪዋለሽ ነው የምትለው። እኔ ደግሞ የተበደለ ሰው ራሱ ሄዶ አይሟገትም አልኳት። ትኩስ ነው፤ ይናገራል፣ ያበላሻል። ደንቡ ሽማግሌ መላክ ነው።

«እማዬ፣ ቢተ፣ እባክሽ። እዚህ አገር ሽማግሌ የለም።»

«ትራሙ በሙሉ ሽማግሌ አይደል እንዴ?»

«እሱን አላልኩም። እንደዚያ የሚባል ነገር የለም ነው የምልሽ።»

የለም ከተባለማ ልናስተምራቸው ነው አልኳትና ስልኩን አነሣሁ።

ጋሽ ይልማ ተማሪያቸው ኮራጅ መባሏን ሲሰሙ ነገሩን በራሳቸው እንደተባለ ቆጠሩት። ወዲያው እመጣለሁ አሉ። ችግሩ እሳቸው ፈረንሳይኛ እንጂ ጀርመንኛ አይሰሙም። በጀርመንኛ አሳምሮ የሚናገር፣ ሽበቱም ለሽምግልና የሚበቃ ሰው ደግሞ እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ኦርሊኮን የሚባል የዙሪክ ሰፈር የሚኖሩት ጋሽ ደምሴ። በአገራቸው መንገድ ቀያሽ ነበሩ፣ አሁን የማሽን ፋብሪካ ውስጥ ንድፍ ይስላሉ። ጀርመንኛቸው ከመጽሐፍ የተቀዳ ነውና የአገሬው ሰው ራሱ ሲሰማቸው ኮቱን ይቆልፋል።

ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ጋሽ ይልማና ጋሽ ደምሴ አይነጋገሩም! በአንድ የእንቁጣጣሽ ግብዣ ላይ ነው የተጣሉት። ጋሽ ይልማ አብዮቱ ሲጀመር ደግ ነበር፣ በኋላ ተበላሸ ይላሉ። ጋሽ ደምሴ ከመጀመሪያውኑ የተበላሸ ነው ይላሉ። ሁለቱንም ያሰደዳቸው አንድ ደርግ ነው፤ ግን መቼ እንደተበላሸ ሳይስማሙ ወጡ፣ ከዚያ ወዲህ አንዱ ባለበት ክርስትና ሌላው አይገኝም። አያችሁ፣ ሽማግሌ ለመላክ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን የሚያስታርቅ ሽማግሌ መፈለግ ሊኖርብኝ ነው! ጋሽ ይልማ ራሳቸው እንዳስተማሩት ሁለት ነጌቲቭ ሲደመሩ የባሰ ኩርፊያ ነው፣ ሲባዙ ግን ፖዘቲቭ ይሆናሉ። እኔ እነዚህን ሁለቱን ማባዛት ነበረብኝ።

ኦርሊኮን ደወልኩና ጋሽ ይልማ ያለ ደምሴ እግሬን አላነሣም ብለዋል አልኩ። ጄኔቭ ደወልኩና ጋሽ ደምሴ ከይልማ ሌላ ማንም ይህን አይችለውም ብለዋል አልኩ። ይህ ውሸት አይባልም። ጊዜው ሳይደርስ የተነገረ እውነት ነው፤ ምክንያቱም ቅዳሜ ዙሪክ ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው ላይ፣ ሲገናኙ ሁለቱም ቃል በቃል ይህንኑ ተባባሉ።

ጋሽ ይልማ በጥቁር ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ደርበዋል። ጋሽ ደምሴ ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ ይዘዋል። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ግን አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ እያየ። የሽሊረኑ ባቡር ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሽማግሌ በደንቡ ሦስት እንደሆነ፣ ሁለት ሆኖ መሄድ ነውር እንደሆነ ተናገሩ። ልመለስ ሊሉ ነው አልኩ በልቤ።

«ኳድራቲክ እኮ ያለው መልስ ሁለት ነው» አሉ ጋሽ ይልማ መስኮቱን እያዩ። «ሦስት የሚያስፈልገው ለኪዩቢክ ነው። ሁለት እንበቃዋለን።»

ጋሽ ደምሴ ለመሳቅ አልፈለጉም ነበር። ግን ሳቁ በአፍንጫቸው ወጣ። በእውነት የታረቁት እዚያች ላይ ይመስለኛል።

ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ ይገባል፣ ባለጉዳይ ከደጅ ይጠብቃል፣ እርቁ ሲያልቅ ይጠራል። ስለዚህ እኔና ትርሲትም ተከትለን ነበር። ትርሲት አስተማሪዋ ቤት ሳይነገረው፣ ያውም ቅዳሜ፣ ያውም ነጠላ ለብሶ ሰው ሲመጣበት የሚሆነውን ስታስበው አንገቷን ኮቷ ውስጥ ቀብራ ነው የምትሄደው። ደወልን፤ የሚከፍት የለም። አንዲት ጎረቤት በደረጃ ስትወርድ ሁለቱን ሽማግሌዎች ከእግር እስከ ራስ አየቻቸውና በጣቷ ወደ ምድር ቤት አመለከተች። ለካ የልብስ ማጠቢያ ተራው ነው።

በዚህ አገር የማጠቢያ ተራ ቀልድ አይደለም። ማሽኑ የሕንፃው ሁሉ ነው፤ ለየሰዉ ቀን ተመድቦ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ያለፈው ያልፈዋል፤ ሰው ሠርጉን ያስተላልፋል እንጂ የማጠቢያ ቀኑን አያስተላልፍም። አስተማሪው ወጣት ነው፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ እርጥብ የትራስ ልብስ ጨብጦ ቆሟል። ካፖርትና ነጠላ፣ ባርኔጣና ጃንጥላ በአንሶላዎቹ መሐል ብቅ ሲል ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ማሽኑ ተጠጋ። ሁሉም ነገር ሰላም እንደሆነ ጋሽ ደምሴ ካረጋጉት በኋላም ተራዬ የሚያልቅበት ሰዓት አለ፣ ከዚያ በኋላ ቁልፉን ለሚቀጥለው ሰው አስረክባለሁ አለ። ወንበር የለም። ጋሽ ይልማ የተገለበጠ ቅርጫት ላይ፣ ጋሽ ደምሴ የሳሙና ዱቄት በርሜል ላይ ተቀመጡ። እኔ ደጅ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ግን በሩ ክፍት ነው፣ ጆሮ ደግሞ ደጅ አይጠብቅም። ቀስ በቀስ እኔና ትርሲት አንሶላው ጀርባ ገባን።

ጋሽ ደምሴ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ አሉ፣ በዚያ በመጽሐፍ ጀርመንኛቸው ጀመሩ።

«ጌታዬ፣ ከሩቅ የመጣነው ለልመና ነው። ልጅ ናት፣ አጥፍታለች። ልጅ ያጠፋል፣ አዋቂ ይምራል። ለሽበታችን ሲሉ ይቅር ይበሏት።»

ጋሽ ይልማም አንድ ቃል ሳይሰሙ ከቅርጫቱ ላይ ተነሥተው እጅ ነሡ።

እንዲህ ያለ ንግግር በእኛ አገር ድንጋይ ያቀልጣል። አጥፍታለች ሲባል ጥፋተኛ ናት ማለት እንዳልሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። በር ማንኳኳት ነው። የተለመነው ሰው ደግሞ የራሱ ድርሻ አለው፤ ብድግ ብሎ «ኧረ እናንተ ተነሡ፣ ምን አጥፍታ፣ እኔ ነኝ እንጂ» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ እውነቱ በለሆሳስ ይወጣል፣ ማንም ሳያፍር ነገር ያልቃል። አስተማሪው ግን ድርሻውን አያውቅም። ፊቱ በራ። እፎይ አለ። የትራስ ልብሱን አስቀምጦ የጋሽ ደምሴን እጅ ጨበጠና ስለ ግልጽነታችሁ አመሰግናለሁ አለ። ቤተሰቡ ማመኑ ለልጅቷም ጥሩ ነው፣ ማመኗን ጨምሬ እጽፍላታለሁ አለ።

እንግዲህ ያስጠራሁትን ጉድ እዩልኝ። ልጄን ነጻ እንዲያወጡ ብዬ ከሁለት ከተማ የሰበሰብኳቸው ሽማግሌዎች፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ እጅ ነሥተው፣ አስፈርደውባት ቁጭ አሉ! ጋሽ ይልማ በፈገግታ «ተሳካ አይደል?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ትርሲት ከአንሶላው ጀርባ ወጣች።

«ጋሽ ደምሴ፣ ምን አድርጌ ነው ይቅርታ የጠየቁልኝ?»

«ልጄ፣ ደንብ ነው።»

«እሱ ደንቡን አያውቅማ። አሁን ኮርጄአለሁ ብላችሁ አመናችሁልኝ እኮ!»

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ አወለቁ።

ትርሲት ወደ አስተማሪው ዞረች። በአገሬው ጀርመንኛ፣ እኔ ግማሹን ብቻ እየተከተልኩ፣ ጥያቄ ይስጡኝ አለችው፤ አሁን፣ እዚሁ፣ ሱዚ በሌለችበት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የማጠቢያ ተራ ገነጠለችና ጀርባውን አዞረች፤ እርሳሱ በክር ታስሮ እዚያው ተንጠልጥሏል። አስተማሪው ከመጣን ጀምሮ ያን ያህል አልደነገጠም። ያንን ወረቀት አይሆንም አለ። እሷ እርሳሱን እንደያዘች ጠበቀችው። ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ በመጨረሻ x² − 2x − 15 = 0 አላት። አፉን ሳይዘጋ አምስትና ነጌቲቭ ሦስት ብላ ጻፈች። x² + 9x + 20 = 0 አላት። ነጌቲቭ አራትና ነጌቲቭ አምስት። ጋሽ ይልማ ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ።

አስተማሪው ጥቂት አሰበ። ከዚያ ራሱ እርሳሱን ተቀብሎ ጻፈላት። x² − 7x + 11 = 0። ያቺው የፈተናዋ ጥያቄ ናት፣ አሥራ ሁለቱ ብቻ አሥራ አንድ ሆኗል።

ትርሲት እርሳሱን መልሳ ያዘችው። እርሳሱ አልተነቃነቀም። እኔ በልቤ ሦስትና አራትን ብገፋ ብጎትት አሥራ አንድ አልሆን አሉኝ። ሽማግሌዎቹ ከሁለት ወገን ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። ጋሽ ደምሴ በቀመር ይሠራ አሉ። ጋሽ ይልማ ቀመር የሰነፍ በቅሎ ነው፣ ልጅቷን አታበላሽብኝ አሉ። ጋሽ ደምሴ እኔ በቀመር ስንት ድልድይ ቀይሻለሁ አሉ። ጋሽ ይልማ ለዚያ ነው ከመጀመሪያውኑ የተበላሸ የምትለው፣ ሁሉ ነገር በቀመር ስለሚመስልህ አሉ። እንቁጣጣሽ ተመልሳ መጣች። በዚያች ምድር ቤት፣ በእርጥብ አንሶላ መሐል፣ አብዮቱ እንደ አዲስ ፈነዳ።

«ይሄ አይሆንም» አለች ትርሲት።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«አሥራ አንድን የሚያመጡት አንድና አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ሲደመሩ አሥራ ሁለት ነው፣ ሰባት አይደለም። ሌላ የለም። ይሄ ፋክተራይዝ አይደረግም፣ ገና ያልተማርነው መንገድ ይፈልጋል።» ይህንኑ መልሳ በጀርመንኛ አለችለት። አስተማሪው ቀና ብሎ አያት። ኮራጅ የሌለውን መልስ ከየት ይኮርጃል?

ነጥብሽን እመልሳለሁ አለ። ያቺ አንድ ቁጥር ትነሣለች፤ ምስክርነቱንም እጽፋለሁ። ግማሽ ነጥብ ብቻ እቀንሳለሁ፣ ድርድሩን ስላልጻፍሽ። እኔ በዚህ ጊዜ አፌን ልከፍት ነው፤ ትርሲት ግን ቀደመችኝ።

«እኔ እንዴት እንደደረስኩበት አሳየሁ» አለችው። ይህችን ቃል በቃል ገብታኛለች። «እርስዎ ኮርጃለች የሚለው ላይ እንዴት እንደደረሱ ያሳዩኝ። ሁለት አንድ ዓይነት ወረቀት ነው ያለዎት። ማን ከማን እንደኮረጀ በምን አወቁ?»

ማሽኑ መጭመቅ ጀምሮ ነበር፤ ወለሉ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። አስተማሪው ሱዚ ሁልጊዜ ጎበዝ ናት አለ። ትርሲት እኔስ አለችው፤ አምስትና አምስት ተኩል ሳመጣ የነበርኩት እኔስ? እሱ ትራስ ልብሱን አነሣ፣ አጠፈው፣ መልሶ ፈታው። እስከ ጆሮው ቀላ። አላውቅም አለ በመጨረሻ። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ።

እኔ ለዚህች ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት። አንሶላ ስተኩስ ያዘጋጀሁት፣ በምሳሌ የታጀበ፣ እናቱን ሳይቀር በክብር የሚያነሣ ንግግር ነው። ደረቴን ነፋሁ። ይህኔ ጋሽ ይልማ ከቅርጫቱ፣ ጋሽ ደምሴ ከበርሜሉ ተነሡ። ጎን ለጎን ቆሙ። ባርኔጣ ወለቀ። የዞሩት ግን ወደ እሱ አልነበረም፤ ወደ እኔ ነው።

«እቴ፣ አጥፍቷል» አሉ ጋሽ ይልማ። «ወጣት ነው፣ ሰው አገር ያለነው እኛ ነን፣ እሱ ምን ያውቃል። ለሽበታችን ስትይ ይቅር በዪው።»

ይታያችኋል? የራሴ ሽማግሌዎች! እኔ የላክኋቸው፣ እኔ ያስታረቅኳቸው፣ ለእኔ ሊከራከሩ የመጡት፣ ሰውየው እንኳ ሳይልካቸው ተሻግረው የሱ ሆኑ። ሽማግሌ እግር ላይ ከወደቀ ደግሞ እምቢ አይባልም፤ እምቢ ያለች ሴት በሁለት ከተማ ስሟ ይነሣል። ንግግሬ ሁሉ አፌ ውስጥ እንደ ደረቅ ቆሎ ቀረ። የተበደለችው እሷ ናት፣ እሷን ለምኑ ብዬ ገሸሽ አልኩ።

ወደ ትርሲት ዞሩ። ሁለት አዛውንት፣ ለአንዲት የትምህርት ቤት ልጅ፣ ጎንበስ። አስተማሪው የሚሆነው አልገባውም፣ ግን እሱም አብሮ ጎንበስ አለ። ልጅቱ አፈረች፣ ልታነሣቸው እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ ግን መለስ አደረገችው።

«ኮራጅ ያለኝ በክፍሉ ፊት ነው» አለች። «ይቅርታውንም በክፍሉ ፊት ይበለኝ።»

ጋሽ ደምሴ ጋሽ ይልማን አዩ። እውነቷን ነው አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ፤ መቼም በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁ። ጋሽ ደምሴ ተረጎሙለት፣ አስተማሪው ራሱን ነቀነቀ፣ ትርሲትም ይቅር ብያለሁ አለች። ወዲያው የሚቀጥለው ባለተራ ቅርጫቱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ የተገነጠለውን የተራ ወረቀት ባየ ጊዜ የሰጠውን ፊት ልተወው። አስተማሪው ስለሱ ብቻውን ሲያስረዳ ጥለነው ወጣን።

ሰኞ ቀን ቃሉን ጠበቀ። ክፍሉ ፊት ቆሞ፣ ስሟን ጠርቶ ይቅርታ አላት። እሷም ጊዜው ሲደርስ ጊምናዚዩም ገባች። ያቺ ግማሽ ነጥብ ግን እንደተቀነሰች ቀረች። ይህን ለሰው ሁሉ ሳማርር ጋሽ ይልማ ጄኔቭ ድረስ ተሰምቷቸው ደወሉ፤ አንቺ ሴት፣ ግማሿን እንኳ ተዪለት፣ ለሽበቴ ስትይ አሉኝ።

ተውኩለት። ግማሿ ግን የልጄ ናት።